ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ

አዲስ ቤት የሚገባ ቤተሰብ ሁሉ ቤቱን በዕቅድ የሚያደራጅ ይመስለዋል። ገና ሳምንታት ሲቀሩት የየክፍሉ ስፋት ይለካል፤ አልጋው ከየትኛው ግድግዳ እንደሚጠጋ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያው ከመስኮቱ በስተግራ ይቁም ወይስ በስተቀኝ የሚለው ጉዳይ እራት እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክርክር ይካሄድበታል፤ በመጨረሻም ውሳኔው በወረቀት ላይ ይሰፍርና፣ ወረቀቱ እንዳይጠፋ ተብሎ ከካርቶኖቹ በአንዱ ውስጥ ይቀመጣል። ቤቱን በእውነት የሚያደራጀው ግን በመጀመሪያዋ ማታ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ የያዘውን ዕቃ ዳግመኛ ላለማንሣት በልቡ የማለ የደከመ ሰው ነው። ይህ ሰው "ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ" ይላል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ዕቃው ከዚያ ቦታ የሚነሣው ቤተሰቡ ቤቱን ሲለቅ ብቻ ነው።

በእኛ ቤት የዚህ ሕግ ትልቋ ተጠቃሚ ትንሿ ልጃችን ናት። ሰፊውን መኝታ ክፍል ማን ይውሰድ በሚለው ጥያቄ ላይ ከመግባታችን በፊት ረጅም ድርድር ተደርጎ ነበር። ታላቅ ወንድሟ የዕድሜ ብልጫውን፣ መካከለኛዋ እኅቷ ደግሞ ለጥናት ያላትን ፍቅር (ይህ ፍቅር እስከዚያ ቀን ድረስ በቤተሰቡ ዘንድ አይታወቅም ነበር) በማስረጃነት ሲያቀርቡ፣ እኔና እናታቸውም ሁለቱንም እኩል የሚያስከፋ ስምምነት አርቅቀን ነበር። ትንሿ ግን አንዳች ሳትናገር፣ በሰፊው ክፍል ወለል ላይ በተጣለው የመጀመሪያ ፍራሽ ላይ ከነጫማዋ እንቅልፍ ወሰዳት። እርሷን አንሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ለመውሰድ አቅም የቀረው ሰው በዚያች ማታ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ዛሬ ክፍሉ የእርሷ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ ግን እግሩን ሲዘረጋ በሩን በሚነካበት ጠባብ ክፍል ተኝቶ ስለ ፍትሕ ያሰላስላል።

የሶፋው አገባብ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሶፋን በሚታጠፍ ኮሪደር ማሳለፍ ተራ የጉልበት ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ሊዮ ሞዘር የተባለ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1966 ነገሩን በጥያቄ መልክ ማቅረቡን ይወቅ። ጥያቄው፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ኮሪደር በ90 ዲግሪ ቢታጠፍ፣ ከወለሉ ሳይነሣ እየተንሸራተተ ማዕዘኑን ሊያልፍ የሚችለው ትልቁ ሶፋ ስንት ካሬ ሜትር ይሆናል የሚል ነበር። በ1992 ጆሴፍ ገርቨር ከ2.2 ካሬ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ እንደ ድሮ ስልክ እጀታ የጎበጠ ቅርጽ አቀረበ፤ ከእርሱ የሚበልጥ ሊኖር አይችልም የሚለው፣ ከ100 ገጽ በላይ የፈጀው የደቡብ ኮሪያዊው የጂንኦን ቤክ ማረጋገጫ ይፋ የሆነው ግን በ2024 ነው። ሊቃውንቱ 58 ዓመት የቆዩት የባለቤቴን ወንድም የመሰለ ረዳት ስላልነበራቸው ይመስለኛል። እርሱ የሶፋውን አንድ ጫፍ ይዞ "ወደ ግራ!" ሲል፣ ከወዲያኛው ጫፍ "በማን ግራ?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ "በእኔ ነዋ!" ብሎ ፊቱን ሲያዞርና የራሱ ግራ ሲለወጥ፣ ሶፋው ከግድግዳው ላይ የተወሰነ ቀለም ወስዶ፣ እግሮቹ ተፈትተው፣ በጎኑ ቆሞ ገባ። ገብቶም ባረፈበት ቦታ ጀርባውን ለመስኮቱ፣ ፊቱን ለባዶ ግድግዳ ሰጥቶ ቀረ። በማግስቱ ቴሌቪዥኑን ወደ እርሱ አመጣነው እንጂ፣ እርሱን ወደ ቴሌቪዥኑ ለማዞር የደፈረ የለም።

በዚያች ሌሊት በደንብ የተኛች ትንሿ ብቻ ናት። በብራውን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2016 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው በማያውቀው ስፍራ የመጀመሪያውን ሌሊት ሲያድር የአንጎሉ ግራ ክፍል እንደ ቀኙ ጠልቆ አይተኛም፤ ለእንግዳ ድምፅ ጆሮውን ሰጥቶ ያድራል። ድምፅ ደግሞ አልጠፋም። ቀን በሙቀት የተለጠጠው ጣሪያ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ይንጣጣል፤ አየር የገባበት ቧንቧም በየመሐሉ ያስላል። የባለቤቴ ግራ አንጎል በየድምፁ እየነቃ "ሰማህ?" ይለኛል፤ የእኔው ግራ አንጎልም መስማቱን ላለመናገር ይታገላል።

የደከመ ሰው ውሳኔ ምን ያህል እንደሚጸና የሚታየው ግን በኩሽናው ነው። በመጀመሪያዋ ማታ ቀድሞ የተከፈተው ካርቶን ማንኪያና ሹካ የያዘው ስለነበረ፣ ይዘቱ ለበሩ ቅርብ በሆነው መሳቢያ ውስጥ ተገለበጠ፤ ምግብ የሚበስለውም ሆነ የሚበላው ግን በወዲያኛው ጫፍ ነው። በዚህም የተነሣ በእኛ ቤት ሾርባ ለማማሰል የፈለገ ሰው ኩሽናውን አቋርጦ ሄዶ፣ አቋርጦ ይመለሳል። ባለቤቴ፣ በቤቱ ውስጥ ለምክንያት ቦታ የምትሰጥ ብቸኛዋ ሰው በመሆኗ፣ አንድ ቀን ማንኪያዎቹን ከምድጃው አጠገብ ወዳለው መሳቢያ አዛወረቻቸው። ያን ሳምንት ሁላችንም፣ እርሷን ጨምሮ፣ ወደ በሩ እየሄድን ባዶ መሳቢያ ስንከፍትና ስንዘጋ ሰነበትን። እግር ከአንጎል ቀድሞ የተማረውን መንገድ እንዲህ በቀላሉ አይተውም፤ እጃችን እንኳ እስከ ዛሬ በጨለማ የመብራት ማብሪያውን የሚፈልገው በድሮው ቤት ከፍታ ላይ ነው። በመጨረሻም ማንኪያዎቹ በክብር ወደ በሩ ተመለሱ፤ ባለቤቴም የእግር ጉዞ ለጤና ጥሩ መሆኑን መናገር ጀመረች።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እርሱም ከ1760 እስከ 1849 የኖረው ጃፓናዊው ሠዓሊ ካትሱሺካ ሆኩሳይ ነው። ይህ ሰው 90 ዓመት ሳይሞላው 93 ጊዜ ቤት እንደቀየረ ይነገርለታል። ምክንያቱም ማጽዳትና ማደራጀት ስለማይወድ፣ ቤቱ መራመጃ ሲያጣ ትቶት ወደ ሌላ መሄዱ ነው ይባላል። አብራው የኖረችው ልጁ ኦይም እንደ አባቷ ሠዓሊ ነበረችና፣ መጥረጊያ የሚያነሣ ሰው በቤቱ ሳይጠፋ አልቀረም። ይህን ታሪክ ለቤተሰቡ ባወራሁ ጊዜ ልጆቼ ሠዓሊ የመሆን ፍላጎት አሳዩ፤ ባለቤቴ ግን ማን ካርቶን ይቋጥርለት እንደነበር ጠየቀችኝ፤ መልስ አላገኘሁላትም።

ካርቶን ከተነሣ አይቀር፣ ከሳሎኑ መሐል የተቀመጠውንና በላዩ ላይ "ልዩ ልዩ" ተብሎ የተጻፈበትን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ሳይከፈት በመቆየቱም የጎደለብን ነገር የለም። ባለቤቴ ጨርቅ አለበሰችው፣ ከዚያም መብራት ተቀመጠበት፣ ከዚያም ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን ይሠሩበት ጀመር። በቅርቡ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩና፣ "ኧረ ልጆቼ፣ ይህን ነገር እስከ መቼ ልታስቀምጡት ነው? አምጡ መቀስ፣ እኔ ልክፈተው" አሉ። ትንሿ "አይሆንም፣ አያቴ!" ብላ ካርቶኑ ላይ ተንጠለጠለች፤ ታላቁ የሚነሣ ከሆነ በምትኩ የሚመጣው ጠረጴዛ በእርሱ ክፍል እንደማይቀመጥ አስቀድሞ አሳወቀ፤ መካከለኛዋ ደግሞ ዓይኗ እንባ አቅርሮ "ታዲያ እኔ የት ላጥና?" አለች። አማቴ በልጅቱ የትምህርት ፍቅር ልባቸው ተነካ፤ መቀሱን መልሰው፣ ለካርቶኑ የሚሆን ሰፋ ያለ ጨርቅ እንደሚያመጡላት ቃል ገብተው ሄዱ።