የቺካጎው ጥቅል ቲኬትና የሐዋሳ ጀልባ

ልጆች ይዞ ትልቅ ከተማ የሚጎበኝ ወላጅ ቀኑን ሙሉ ሂሳብ ሲሠራ ይውላል። አዋቂ ስንት፣ ልጅ ስንት፣ ትንሿ በነጻ ትገባለች ወይ፣ ይሄን ካየን ያኛው ይቅር ወይ። ልጆቹ ስለ አሳና ስለ ዳይኖሰር ሲያወሩ የእሱ ልብ ቀጣዩ በር ላይ ነው። አሜሪካኖቹ ይህን ጭንቀት አይተው ጥቅል ቲኬት የሚባል ነገር አመጡ። አንዴ ከፍለህ አምስት ቦታ ትገባለህ። በዚህ ክረምት ሐዋሳ ቤተሰብ ጋ ሰንብቼ፣ ልጆቼንና የእህቴን ልጆች ይዤ ሐይቁ ዳር ስመላለስ ያ ቲኬት ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ሐዋሳ የሚታይ ነገር ሞልቷታል፤ ያጣችው ቀድሞ የታወቀ ዋጋ ነው።

እኛ የምንኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። እዚያ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞችም ሆኑ የእንስሳት ማቆያው መግቢያ አያስከፍሉም። ስለዚህ ልጆቻችን ሙዚየም ማለት ዝም ብሎ የሚገባበት ቤት ይመስላቸዋል። ቺካጎ ስንሄድ ነገሩ ሌላ ሆነ። የዓሣ ማሳያው የሼድ አኳሪየም፣ የፊልድ ሙዚየም፣ የዊሊስ ታወር 103ኛ ፎቅ፣ ሁሉም በነፍስ ወከፍ ነው የሚያስከፍሉት። አንድ ቤተሰብ ሦስት በር ከገባ የሳምንት አስቤዛ ገንዘብ በአንድ ቀን ያልቃል። ሲቲፓስ የሚባለውን ጥቅል ቲኬት የገዛነው ያን ጊዜ ነው።

ሲቲፓስ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ ነው። ድሮ እንደ ኩፖን ደብተር እየተቀደደ ይሠራ ነበር፤ አሁን ስልክ ላይ ነው፣ በሩ ላይ ስካን ይደረጋል። የቺካጎው አምስት ቦታ ያስገባል፣ ከመጀመሪያው በር ጀምሮ ለተከታታይ ዘጠኝ ቀን ያገለግላል። በተናጠል ቢከፈል ከሚወጣው ወደ ግማሽ የሚጠጋ ይቀንሳል ብለው ነው የሚያስተዋውቁት። ሌሎችም አሉ፤ ጎ ሲቲ የሚባለው አንዱን ዓይነት በቀን፣ ሌላውን በቦታ ቁጥር ይሸጣል። በቀን የሚሸጠው ልጅ ለያዘ ሰው አይሆንም ባይ ነኝ። ሰዓቱ እየሄደ ነው ብለህ ሕጻን ልጅ ከአንዱ ሙዚየም ወደ ሌላው ስትጎትት ሁሉም ያለቅሳል። በቀን ከሁለት ቦታ በላይ የሚችል ልጅ አላየሁም።

ቅናሹ ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ሙዚየሞቹ ገንዘብ አልጠሉም። በሙሉ ዋጋ ፈጽሞ የማይመጣ ሰው በግማሽ ዋጋ ቢመጣ ለእነሱ ትርፍ ነው፤ አዳራሹ እንደሆነ አንድ ቤተሰብ ስለተጨመረ ሌላ መብራት አያበራም። ሁሉም የሚያውቀው አኳሪየም እምብዛም የማይታወቀውን ፕላኔታሪየም፣ የከዋክብት ማሳያውን ማለቴ ነው፣ ይዞት ይወጣል። ቲኬቱ ውስጥ ስላለ ብቻ አድለር ፕላኔታሪየም ገባን፣ ከሁሉም በላይ የወደዱትም ትልልቆቹ ልጆች እሱን ነው። በሌላ በኩል የገዙትን አምስት ቦታ ሳይጨርሱ ወደ አገራቸው የሚመለሱም አሉ፤ ያልተገባበት በር ለሻጩ ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በወረቀት ላይ ማስላት ያስፈልጋል። በእውነት የምትሄዱባቸውን ጻፉ፣ የየበሩን ዋጋ ደምሩ፣ ከዚያ ከቲኬቱ ጋር አስተያዩ። አንዳንዱ ቦታ ቲኬት ይዛችሁም ሰዓት ካልያዛችሁ አያስገባም፤ ይህ በተለይ በበጋቸው ወራት ይበረታል።

ለሁሉም ሰው ደግሞ አያዋጣም። ሊንከን ፓርክ የእንስሳት ማቆያ ለማንም በነጻ ነው። ኢሊኖይ የሚኖር ሰው ብዙዎቹን ሙዚየሞች በነጻ የሚገባባቸው ቀናት አሉት። የምግብ ድጎማ ካርድ ያለው ቤተሰብ፣ አንዳንድ ወገኖቻችን እንደሚይዙት ማለቴ ነው፣ ሙዚየምስ ፎር ኦል በሚባለው ዝግጅት በመላው አሜሪካ ብዙ ሙዚየሞችን በሦስት ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ ይገባል። ይህን የሚያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው፤ የምታውቁ ለማያውቁት ንገሩ።

አንድ ነገር ልብ ያልኩት ቺካጎም ውስጥ ለነዋሪና ለእንግዳ ዋጋው አንድ አለመሆኑን ነው። የከተማው ሰው መታወቂያ አሳይቶ ያነሰ ይከፍላል፣ ከሩቅ የመጣው ይጨምራል። ማንም አይከፋውም፤ ዋጋው ከነምክንያቱ ግድግዳ ላይ ተጽፏል።

ፊልድ ሙዚየም ውስጥ ልጆቼን “ሱ” ወደምትባለው ዳይኖሰር አጥንት ስወስድ፣ በአፍሪካ አጥቢዎች አዳራሽ ከመስታወት ጀርባ የቆመ ኒያላ አየን። አሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይኖረው ኒያላ። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 ከአንድ የቺካጎ ጋዜጣ ጋር ሆኖ ወደ አገራችን የጥናት ቡድን ልኮ ነበር። ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ የተባለው ታዋቂ የአእዋፍ ሠዓሊም አብሮ ሄዶ የወፎቻችንንና የእንስሳቶቻችንን ሥዕል ሠርቶ ተመልሷል። ልጆቼ የባሌን እንስሳ መጀመሪያ ያዩት ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ነው። ይህ ያሳዝናል ወይ ብባል አዎ ያሳዝናል። የባሰ የሚያሳዝነኝ ግን ሐዋሳ ተወልደው ያደጉት የእህቴ ልጆች እስካሁን የትም አለማየታቸው ነው።

ሐዋሳን ለማያውቅ ልንገር። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከተማዋ ከሐይቁ ጋር ተያይዛ ነው ያለችው። ጠዋት አሞራ ገደል ብትሄዱ ዓሣ አጥማጆቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ታገኛላችሁ፤ ቆሮሶው ይላጣል፣ አምባዛው ይበለታል፣ አባ ኮዳዎቹ ከሰው ትከሻ በታች ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ፣ ዛፉ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ። የዓሣ ሾርባው እዚያው ይጠጣል። ታቦር ተራራ ላይ የወጣ ከተማውንና ሐይቁን በአንድ ዓይን ያያል። ለዊሊስ ታወር የመስታወት ወለል 412 ሜትር ከፍታ ብዙ ገንዘብ ከፍያለሁ፤ ከታቦር የሚታየውን ግን አይተካውም፣ ይህን የምለው የተወለድኩበት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ወንዶ ገነት ፍል ውሃው አለ። በሻሸመኔ በኩል ሰንቀሌ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘው የስዌይን ቆርኬ የተጠለለበት። ወደ ሰሜን አብያታ ሻላ ፓርክ፣ በአገራችን ከሁሉ ጥልቅ የሆነው የሻላ ሐይቅ ከነፍል ውሃውና ከነፍላሚንጎው ያለበት። በጠዋት የተነሳ ቤተሰብ ከእነዚህ ማናቸውንም ጎብኝቶ ለእራት ሐዋሳ ይመለሳል።

አሁን ዋጋውን እንይ። ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ጉማሬ እናሳያችሁ የሚል ወጣት ይቀበላችኋል። ስንት ነው ስትሉት መጀመሪያ ልጆቹን ያያል። የእኔዎቹ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል እንዳወጡ ዋጋው ሌላ ሆነ። እህቴ ቀድማ ሄዳ በሲዳምኛ ስትጠይቅ ሌላ ነበር። ተከራከርን፣ ወረደ፣ ተሳፈርን። ጉማሬዎቹን አየን፣ ልጆቹ ደስ አላቸው፣ ልጁም ጀልባውን በጥንቃቄ ነው የነዳው። ግን ያንን ደስታ ያገኘነው ከክርክር በኋላ ነው፤ ልጆቹም ክርክሩን ሰምተዋል። ከዚያ አስጎብኚ ነኝ ባይ ሌላ ወጣት፣ ለፎቶ ክፈሉ የሚል ሌላ፣ መኪና ጠባቂ ሌላ። እያንዳንዱ ትንሽ ነው። ሲደማመር ግን የሚከብደው የገንዘቡ ብዛት አይደለም፣ ማለቂያው አለመታወቁ ነው።

ለኔ ለዶላር ተከፋዩ ይህ ሁሉ ሲመነዘር ቀላል ነው። ዶላርና ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሱ ሁላችንም እናውቃለን። እህቴ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ልጆቿን ሰንቀሌ ያልወሰደችው ስለማትወድ አይደለም። መኪና ኮንትራት ስንት እንደሚሉ፣ በሩ ላይ ስንት እንደሚጠየቅ፣ አጃቢ ግዴታ ይሁን አይሁን አታውቅም። ሳታውቅ ደግሞ ደመወዟን ይዛ መንገድ አትጀምርም። አዋቂ ሰው በልጆቹ ፊት “አይበቃኝም” ብሎ ከበር መመለስን የሚፈራውን ያህል ምንም አይፈራም። ስለዚህ ከቤት አይወጣም። ከከተማዋ ቱሪዝም ውጭ የቀረው የራሷ የከተማዋ ሰው ነው።

ፓርኮቻችን ለውጭ ዜጋና ለኢትዮጵያዊ የተለያየ ዋጋ አላቸው፤ ይህ ትክክል ነው፣ ቺካጎም ያደርገዋል። እኔ ብጨምር ቅር አይለኝም፤ ልጆቼ ቢጫ ካርድ ቢኖራቸውም ከእህቴ ልጆች የበለጠ ልክፈልላቸው። የምለምነው ዋጋው ይጻፍ ነው። ዋጋ በቋንቋና በጫማ ሲለካ፣ ዳያስፖራው ተበላሁ ይላል፣ ወጣቱም ሰርቶ ያገኘው እንደ ስርቆት ይቆጠርበታል። ሁለቱም በሐቅ መገናኘት ሲችሉ።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። የሐዋሳና አካባቢዋ አንድ የቤተሰብ ቲኬት ይኑር። የጀልባ ጉዞ፣ አሞራ ገደል፣ ወንዶ ገነት፣ ሰንቀሌ፣ አብያታ ሻላ፤ ከእነዚህ አራቱን መምረጥ፣ ለአንድ ሳምንት የሚያገለግል። ለነዋሪ አንድ ዋጋ፣ ከሌላ ከተማ ለሚመጣ አንድ፣ ለውጭ ዜጋ አንድ። የነዋሪው ዋጋ አንድ አስተማሪ ከነልጆቹ የሚችለው ይሁን፤ ከዚህ ካልተጀመረ ባይሠራ እመርጣለሁ። ለክፍያው ቴሌብር አለ፣ ባጃጅ ሳይቀር የሚከፈልበት ነው። ሰንቀሌና አብያታ ሻላ ራቅ ስለሚሉ ቲኬቱ ቅዳሜና እሑድ ከከተማው ከሚነሳ አንድ አውቶቡስ ጋር ቢያያዝ ደግሞ የእህቴ የኮንትራት መኪና ጭንቀት ይቀላል። በጀልባው ምክንያት የመጣ ሰው ቆርኬውን ያያል፤ ቆርኬው ጎብኚ ሲያገኝ የአካባቢው አርሶ አደርም እንስሳው በሕይወት መኖሩ የሚጠቅመው ይሆናል። በግጦሽና በእርሻ የተከበበ መጠለያ ከጠባቂ ጠመንጃ ይልቅ ይህ ያድነዋል ብዬ አምናለሁ።

እንቅፋቱ ይታየኛል። አብያታ ሻላን የሚያስተዳድረው ፌዴራል ነው፣ ሰንቀሌ ያለው ኦሮሚያ ነው፣ ከተማውና በእሱ በኩል ያለው የሐይቁ ዳር ሲዳማ። ቺካጎ ውስጥ የየራሳቸው ቦርድ ያላቸው ሙዚየሞች በአንድ ቲኬት የተስማሙት ገንዘቡ እንዴት እንደሚካፈል አስቀድሞ ቁጥር ስለተቀመጠ ነው። የክልል ድንበር ለቆርኬም ለጎብኚም ችግር መሆን የለበትም፤ የቢሮ ኃላፊዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በመቶኛ ቢስማሙ የሚፈታ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ቲኬት ውጭ ይቅር፤ የሐይቁ ዳር። ቺካጎ ውስጥ ከአኳሪየሙም ከሙዚየሙም በላይ ልቤን የነካኝ የሐይቁ ዳር በነጻ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 የከተማዋ ካርታ ላይ ያ መሬት ምንም ሕንጻ ሳይሠራበት ለዘላለም ክፍት፣ ከልካይ የሌለበትና ነጻ የጋራ ቦታ ሆኖ ይኖራል ተብሎ ተጻፈ። በኋላ ሲደፈር፣ ሞንትጎመሪ ዋርድ የሚባል ነጋዴ ከ1890 ጀምሮ ሃያ ዓመት ገደማ ከከተማው ጋር ፍርድ ቤት ተሟግቶ አስከበረው። ዛሬ 29 ኪሎ ሜትር ያህል የእግርና የብስክሌት መንገድ በዳርቻው አለ፣ ድሃም ሀብታምም እኩል ይሄድበታል። ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርም ማታ ማታ እንዲሁ ነው፤ ፍቅረኛው፣ ተማሪው፣ በቆሎ ጠባሹ፣ ልጅ ያዘለችው እናት። ጉዱማሌ ደግሞ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፊቼ ጫምባላላ አደባባይ ነው፤ በዓሉን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ግን የዳርቻው ሰፊ ክፍል ዛሬ በሆቴልና በሪዞርት አጥር ውስጥ ነው። ሪዞርቶቹ ለከተማዋ ሥራ ፈጥረዋል፣ አልክድም። የቀረው ግን ይቅርልን። ውሃ ለማየት ቡና ማዘዝ ግዴታ ከሆነ የእህቴ ልጆች ሐይቃቸውንም ያጣሉ።

ስለ ቲኬቱ ሐሳብ ለጀልባ ነጂው ልጅ ነግሬው ነበር፤ ያ ዋጋ የጨመረብን ራሱ። በጽሞና ሰማኝ። “ዋጋው ቢጻፍ ለኔም እረፍት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ማን ይወዳል” አለኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ገንዘቡ ቢሮ ገብቶ ስንት ወር ይቆያል? እሱ ቤንዚን የሚገዛው በየጠዋቱ ነው። የቺካጎዎቹ ሙዚየሞች ሒሳባቸውን ቢጠብቁ የሚጎዱ አይደሉም፤ እሱ ግን ሦስት ቀን ቢዘገይበት ጀልባው ይቆማል። ቲኬቱን የሚያዘጋጅ ሰው ካለ ገና በመጀመሪያው ገጽ፣ ስካን የተደረገው ገንዘብ በዚያው ምሽት ለነጂው ይግባ ብሎ ይጻፍ።