የአቫታርን መጨረሻ በጋዜጣዊ መግለጫ አንቀበልም

የአቫታር ፊልሞች ዳይሬክተር ጄምስ ካሜሩን ሦስተኛው ክፍል ሊወጣ ሲል የተናገራት ነገር እስካሁን ታንገበግበኛለች። አራተኛውና አምስተኛው ካልተሠሩ ጋዜጣዊ መግለጫ ጠርቼ ታሪኩ ወዴት ሊሄድ እንደነበር እነግራችኋለሁ አለ። መጽሐፍ አድርጌ ልጽፈውም እችላለሁ ብሏል። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ደግነት ነው ያየለት። እኔ አልታየኝም። ከ2009 ጀምሮ አንድ ታሪክ እየጠበቅን ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የመጀመሪያው ሲወጣ ለእኛ ታኅሣሥ 2002 ነበር።) ይሄን ሁሉ ዘመን የጠበቀ ሰው መጨረሻውን ከማይክ ፊት በቆመ ሰው ይነገረው?

ንዴቴን አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ፊልም ወዳጅ ጓደኛዬ ብነግረው ጭራሽ አባሰው። «አንተ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብለህ በስልክና በቴሌቪዥን ያየኸውን ፊልም ምኑን ትተቸዋለህ? አቫታር እኮ በትልቅ ስክሪን፣ በስሪዲ ካልታየ አልታየም» አለኝ። ክርክሩ የእሱ ብቻ አይደለም። ተከታዮቹ ክፍሎች በተተቹ ቁጥር የሚመዘዝ ነው። እስካሁን ከሰማኋቸው መከላከያዎች ሁሉ ደካማውም እሱ ነው።

እሺ፣ እስቲ እንየው።

የመጀመሪያውን አቫታር ያየሁት ቪዲዮ ቤት ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋቢ ደርበን፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ ከአንድ ተራ ቴሌቪዥን ፊት። ቅጂውም የጠራ አልነበረም። መነጽር የለ፣ ስሪዲ የለ፣ ከስክሪኑ ዘሎ ፊታችን ላይ የሚመጣ ነገር የለ። ግን ፓንዶራ በምትባል ሩቅ ጨረቃ ላይ የሚኖሩት የናቪዎቹ የመኖሪያ ዛፍ በሰዎች ሚሳኤል ተመትቶ ሲወድቅ ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው አልተነፈሰም። ሲወጣም ሰው ሲያወራ የነበረው ስለ ዛፉ ነው። ናቪዎቹ መሀል ስለገባው የቀድሞ ወታደር፣ ስለ ጄክ ነው። ከዳቸው ወይስ አልከዳቸውም እያለ መንገድ ላይ ይከራከር ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ይገባኛል። አብረውን ከመንዝ የመጡ ልጆች ነበሩ። መንዝ ጓሳ አለ። ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው፤ ሳሩ የሚታጨድበት ጊዜ አለው፣ ከብት የማይገባበት ጊዜ አለው፣ ቤት የሚከደነው በዚያ ሳር ነው፣ ገመድ የሚገመደውም ከዚያው ነው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም እዚያው ይኖራሉ። እዚያ ያደገ ልጅ «ከቤታችሁ ሥር የምንፈልገው ማዕድን አለና ተነሱ» የተባለ ሕዝብ ታሪክ ምኑ ይከብደዋል? መነጽር ምን ይጨምርለታል? የናቪዎቹ ቋንቋ እንኳን ከጆሯችን አልራቀም። ፖል ፍሮመር የሚባል የቋንቋ ምሁር የፈጠረው ቋንቋ ውስጥ ጰ፣ ጠ እና ቀ አሉ። የሆሊውድ ተዋናዮች ልምምድ ያደረጉባቸውን ድምፆች እኛ አፍ ስንፈታ ነው የያዝናቸው።

ስለዚህ ዳኝነቱ እንዲያውም ለእኛ ነው የሚገባው። አዎ፣ ለእኛ። በትንሽ ስክሪን ላየን፣ መብራት ሲጠፋ አቁመን ሲመጣ ለቀጠልን፣ ፍላሽ ላይ አስጭነን ቤታችን ለወሰድን ሰዎች። ምክንያቱም ቴክኖሎጂው እኛ ጋ አልደረሰም። ስሪዲው አልደረሰም፣ ድምፁ አልደረሰም፣ ያ ሁሉ ብር የወጣበት የምስል ጥራት አልደረሰም። የደረሰን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታሪኩ። ማን ምን ፈለገ፣ ማን ከለከለው፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ትልቁ ስክሪን ዓይንን ያስደንቅና ታሪኩን ሳትመዝነው ያሳልፍሃል። ትንሹ ስክሪን ግን ምንም የሚሸፍንበት ነገር የለውም። የመጀመሪያው አቫታር በእኛ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ቆሞ ሄዷል። ጥያቄው ተከታዮቹ መቆም ችለዋል ወይ ነው። አልቻሉም!

ሁለተኛውን አየሁት። 192 ደቂቃ። ውሃው ውሃ ነው፣ እሱን አልክድም። ኬት ዊንስሌት ለዚህ ፊልም ብላ ከ7 ደቂቃ በላይ ትንፋሿን ይዛ ውሃ ውስጥ መቆየት ተምራለች፤ ተዋናዮቹ የለፉበት ሥራ ነው፣ አከብራለሁ። ታሪኩን ግን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። በመጀመሪያው ፊልም የሞተው የሰዎቹ ጦር አዛዥ ኳሪች ትዝታው በናቪ አካል ውስጥ ተጭኖ ተመለሰ። የጄክን ልጆች ያዘ። ልጆቹ አመለጡ። እንደገና ተያዙ። ባሕር ላይ ውጊያ ሆነ። የጄክ የበኩር ልጅ የኔቴያም ሞት አንጀት ይበላል፣ እሱ ነው የቀረልኝ።

ሦስተኛው መጣ። 197 ደቂቃ። እዚህ ጋ ነው በጣም የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ጥሩ ነገር እጁ ላይ ነበረ። ቫራንግ የምትባለዋ የአመድ ሕዝብ መሪ! እሳተ ገሞራ አገራቸውን ሲያጠፋው አምላካችን ኤይዋ ዝም አለችን ብለው ጀርባቸውን የሰጡ ናቪዎች። ይሄ እኮ ለብቻው አንድ ፊልም ይወጣዋል። አምላኩ ላይ ያኮረፈ ሕዝብ ምን ይመስላል? ልጆቹን ምን ብሎ ያሳድጋል? ይቅር ለማለት ምን ይጠይቃል? ይሄን ሁሉ ትቶ ሴትየዋን የኳሪች አጋር አደረጋት። ከዚያ ልጆቹ ተያዙ። አመለጡ። መጨረሻው ላይ እንደገና ባሕር፣ እንደገና ቱልኩን የሚባሉትን ዓሣ ነባሪ መሳይ እንስሳት አድነው የሚገድሉ ሰዎች፣ እንደገና ውጊያ። ጓደኛዬ «በስሪዲ ብታየው» ይለኛል። በስሪዲ ባየው ልጆቹ አይያዙም?

አሁን ወደ መግለጫው ልመለስ። ካሜሩን ለዓመታት ያስጠበቀን ምስሉ እስኪደርስለት ነው። ውሃ ውስጥ የተዋናይ እንቅስቃሴ መቅረጽ የሚቻልበትን መንገድ መፍጠር ነበረበት፣ ፊልሙ ያለዚያ ምስል ፊልም አይሆንም ተባልን። እሺ ብለን ጠበቅን። አሁን ደግሞ ካልሆነ በአፌ እነግራችኋለሁ ይለናል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ታሪኩ በአፍ ተነግሮ የሚበቃ ከሆነ ያን ሁሉ ዓመት ለምን አስጠበቀን? ምስሉ ከሌለ ታሪኩ ባዶ ከሆነ ደግሞ መግለጫው ባዶ ነገር ነው። አንዱን ይምረጥ።

አያቶቻችን እሳት ዳር ተረት ሲያወሩልን መሀል ላይ አቋርጦ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ዳቦው የሚጠየቀው ሲያልቅ ነው። ካሜሩን ዳቦውን ሦስት ጊዜ በልቷል። የመጀመሪያው ፊልም ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር፣ ሁለተኛው 2.3 ቢሊዮን፣ ሦስተኛውም ከ1 ቢሊዮን በላይ አስገብቷል። ተረቱ ግን አላለቀም።

«ጥሩ ነገር ጊዜ ይፈልጋል» የሚሉኝ አሉ። ጊዜ መውሰዱን ማን ጠላ? እኔ ያናደደኝ ቀን እየቆረጡ ማስጠበቁ ነው። በ2010 ሁለተኛው ለታኅሣሥ 2014 ይደርሳል ተባለ። ከዚያ 2016 ሆነ። ከዚያ 2017። ከዚያ 2018። ከዚያ 2020፣ ከዚያ 2021። የወጣው በታኅሣሥ 2022 ነው። ኮቪድ ቀረጻውን ያቋረጠበትን ጊዜ ማንም አይቆጥርበትም፣ እሱን ተዉት። ግን ተከታዮቹን ፊልሞች መቅረጽ የተጀመረው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በመስከረም 2017። 2014ም፣ 2016ም የተባለው ካሜራ ሳይከፈት ነው! በመሀል ሰውየው በ2012 ብቻውን ማሪያና ገደል ድረስ፣ የውቅያኖስ መጨረሻ ጥልቀት ላይ ወርዶ ተመልሷል። ትልቅ ጀብዱ ነው፣ አድናቂው ነኝ። ግን ለእኛ ቀን ተቆርጦልን ነበር።

የአራተኛው ደግሞ ይብሳል። በ2013 አራተኛው ፊልም ለታኅሣሥ 2018 ይወጣል ተብሎ ነበር። አሁን የተያዘለት ቀን ታኅሣሥ 2029 ነው። አሥራ አንድ ዓመት ተገፋ። አምስተኛው ታኅሣሥ 2031። ካሜሩን ያኔ 77 ዓመቱ ነው፤ ዕድሜ ይስጠው። በ2009 የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ቪዲዮ ቤት ያየው ሰው ያኔ 32 ዓመቱ ይሆናል። ይሄን ስል ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። የአራተኛውን የመጀመሪያ ክፍል ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጋር አብረው ቀርጸውታል፣ ምክንያቱም ልጆቹ ተዋናዮች ያድጉብናል ብለው ሰጉ። ተዋናዮቹ እንደሚያድጉ አስበውበታል። ተመልካቹም ልጅ እንደነበረና እንደሚያድግ ማን አሰበበት?

ገንዘቡን የሚያነሱብኝ አሉ። «በ2022ም አይሳካለትም ብላችሁ ነበር፣ 2.3 ቢሊዮን አስገባ፣ አፋችሁን ያዙ» ይላሉ። ሰው ቲኬት የቆረጠው የመጀመሪያውን ስለወደደ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ናፍቆት ነው በአንድ ወር የተከፈለው። ሦስተኛው ላይ ከሁለቱም በብዙ ዝቅ ማለቱ ናፍቆቱ እያለቀ መሆኑን ያሳያል። እሱም ይሄን አስቀድሞ ሳይፈራ አልቀረም፣ ፊልሙ ሳይወጣ ስለ መግለጫ ማውራት የጀመረው ለዚህ ይመስለኛል።

ይሄን ሁሉ የምለው ስለጠላሁት እንዳይመስላችሁ። ጠልቼው ቢሆን ኖሮ ምን አገባኝ ብዬ እተወው ነበር። አንድ የምጠብቀው ነገር አለ። በ2024 ያረፈው የፊልሙ ፕሮዲውሰር ጆን ላንዳው በሕይወት እያለ፣ በአምስተኛው ፊልም የጄክ ሚስት፣ ናቪዋ ኔይቲሪ ወደ ምድር ትመጣለች ብሎ ነበር። ምድር! ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ ምድር እየሞተች ነው እየተባለ ነው የምንሰማው። ሰዎቹ ፓንዶራ የሚመላለሱት ለዚያ ነው። ግን ሦስት ፊልም ሙሉ ምድርን በቅጡ አላሳየንም። ቤቷን ያቃጠሉባት ሴት የአቃጣዮቿን ቤት ገብታ ብታየው ምን ትላለች? ድሃ ሰፈር ብትገባስ? ስለ ፓንዶራ ሰምቶ የማያውቅ፣ ማንንም ያልበደለ ልጅ ብታገኝስ? ይሄ ነው ታሪኩ። እኔ ይሄን ለማየት 2031 ድረስ ልጠብቅ እችላለሁ። ይሄን በመግለጫ መስማት ግን አልችልም፣ አንድም ቃል ባይነግረኝ እመርጣለሁ።

ስለዚህ የምለው ይሄን ነው። የ2029ኙን ቀን አሁኑኑ ይሰርዙት። ቀረጻ ሳያልቅ ቀን አይንገሩን። አራተኛውንና አምስተኛውን አንድ ፊልም ያድርጓቸው፣ ኳሪች ልጆቹን የሚይዝበት ነገር ይብቃው፣ ቀጥታ ወደ ምድር ይሂዱ። ብር የለም ከተባለም ግድ የለም። ስሪዲው ይቅር፣ የውሃው ጠብታ በየአንዳንዱ አይቆጠር፣ ርዝመቱም ሁለት ሰዓት ይሁን። እኛ ድሮም ያየነው ያለ እሱ ነው።