010 ስንት ነው?

ሦስት ሰዓት! ለአንዲት የጎደለች ቅንፍ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቃጠልኩ። 1+2<<3 ብዬ ጻፍኩ። ምልክቷ «ቢቶቹን (የቁጥሩን 0ና 1 አሃዞች) ሦስት ቦታ ወደ ግራ ግፋ» ማለት ናት፤ ያው በ8 ማባዛት። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ መደመሩ ይቀድምና 24 ይሆናል። ጂኤንዩ አሰምብለር (የአሰምብሊ ኮድን ፕሮሰሰሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ግን መጀመሪያ 2ን ወደ ግራ ይገፋና 17 ይሰጣል። የስህተት መልእክት የለም። ማስጠንቀቂያ የለም። ዝም! ፕሮግራሙ ግን ገደል ገባ።

ቆይ፣ ቁጥር መጻፍ እንዲህ መክበድ አለበት? 010 ስንት ነው? በናዝም፣ በሌላው አሰምብለር፣ አስር። በጂኤንዩ ስምንት፤ ፊት ያለችው ዜሮ ቁጥሩን ኦክታል (በስምንት መሠረት የሚቆጠር) ታደርገዋለች። ያው ፕሮሰሰር፣ ያው ቁጥር፣ ሁለት መልስ! የዶላር ምልክቷንማ ተዉኝ። ጂኤንዩ በሚጠቀምበት በኤቲ ኤንድ ቲ አጻጻፍ እሷን ከረሳሁ፣ 5 ቁጥር መሆኑ ቀርቶ የሜሞሪ አድራሻ ይሆናል። ስንቴ በሷ ወደቅኩ!

«እውነት»ስ? 3==3 በሲ 1 ነው። በጂኤንዩ አሰምብለር -1! ሁሉም ቢት አንድ ስለሆነ ለማስክ (የተፈለጉትን ቢቶች ብቻ ለማስቀረት) ይመቻል፣ እሺ፣ ይገባኛል። ውጤቱን ልደምርበት ስልስ? ቆጣሪዬ ወደ ኋላ ይሄዳል!

አሁን ሁሉንም በቅንፍ እያጠርኩ ነው። ሁለት ቁጥር ስደምር እንኳ። አንድ ሕግ ላይ መስማማት ይሄን ያህል ከባድ ነው?