ዓሣ በሚዛን አይሸፈንም

ኮምቦልቻ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ የባዮሎጂ መጽሐፉን ዘርግቶ ስለ ዓሣ ያጠና ነበር። ከእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ሥር በእርሳስ «የዓሣ አካል በሚዛን የተሸፈነ ነው» ብሎ ጽፏል። ከየት አመጣኸው ብዬ ስጠይቀው ስልኩን አሳየኝ። «ስኬል» የሚለውን ቃል ፈልጎ መጀመሪያ የመጣለትን ትርጉም ወስዷል። «ጋሼ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል፤ ግን ሚዛን ነው የሚለው» አለኝ።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ያላወቀውን ቃል ፈልጓል፣ ያገኘውን ጽፏል፣ ያልገባውንም ለፈተና ሊሸመድደው ተዘጋጅቷል። ያሳዘነኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ትክክለኛውን ቃል እኮ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ከሐይቅ የመጣ ቆሮሶ ቤት ሲገባ እናቱ ቅርፊቱን በቢላዋ ስትፍቅ አጠገቧ ቆሞ አይቷል። ኦሪት ዘሌዋውያንም የሚበላውን ዓሣ ከማይበላው ሲለይ «ክንፍና ቅርፊት ያላቸው» ይላል። ቃሉ እቤቱ ነበር፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ያገናኘለት ሰው ግን አላገኘም። በመጽሐፉ መጨረሻ ያለው የቃላት መፍቻ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ ነው።

ስኬል አንድ ቃል ይመስላል እንጂ በታሪኩ ሦስት ቃል ነው። የዓሣው ስኬል ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ልጣጭና ቅርፊት ማለት ነበር። የመመዘኛው ስኬል ከጥንታዊ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የተወረሰ ነው፤ ትርጉሙም ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ሚዛን ግራና ቀኝ ሳህን አለውና። እነዚህ ሁለቱ በሩቅ ይዛመዳሉ። ሦስተኛው ግን ከላቲን የመጣ ባዕድ ነው፤ መሰላል ማለት ነው። የሙዚቃው፣ የካርታው፣ የመሬት መንቀጥቀጡና የደመወዙ ስኬል ሁሉ ከዚህ መሰላል ይወርዳሉ። ከሦስት አገር የመጡ እንግዶች አንድ ልብስ ለብሰው ክፍል ውስጥ ሲገቡ ተማሪው አንድ ሰው መስለውት ቢሳሳት አይፈረድበትም።

ጂኦግራፊን እንውሰድ። ልጁ በታችኛው ክፍል በአማርኛ ሲማር «የካርታ መስፈርት» የሚል ቃል ያውቅ ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ስኬል ሆኖ መጣበት። አንድ ለሃምሳ ሺህ በሆነ ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ጠመዝማዛ መንገድ ተዘርግቶ ቢለካ በዚህ ካርታ ላይ ግማሽ ሜትር ይወጣዋል። አንድ ለአንድ ሚሊዮን በሆነው ላይ ግን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ጂኦግራፊ «ትልቅ ስኬል» የሚለው የመጀመሪያውን፣ ትንሽ ቦታ አጉልቶ የሚያሳየውን ካርታ ነው። በማግስቱ የኢኮኖሚክስ መምህሩ ስለ «ትልቅ ስኬል እርሻ» ሲያስተምር ደግሞ ሰፊ መሬት ማለቱ ነው። ሁለቱን በአንድ ሳምንት የሰማ ልጅ ካርታውን ገልብጦ ቢረዳ ጥፋቱ የማን ነው?

በዜናም እንዲሁ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ በየቀኑ «በሬክተር ስኬል» ሲባል ሰማን። ሰውየው ሬክተር አይደለም፤ ቻርለስ ሪክተር የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነው፤ መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1935 አወጣ። ዛሬ ባለሙያዎቹ ለትላልቆቹ መንቀጥቀጦች በአብዛኛው በሌላ መለኪያ ይጠቀማሉ። እሱስ ይቅር። የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አለመነገሩ ነው። የዚህ መሰላል ደረጃዎች እኩል አይደሉም፤ ከ5 ወደ 6 ሲወጣ የንዝረቱ ሞገድ ከፍታ አሥር እጥፍ፣ የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ያህል ይሆናል። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያወደመው የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በዚያ ያልፋል። በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ቃል ሊብራራለት ይገባል።

የማንጎ ገበሬም ጉዳይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወለጋ ጉቶ ጊዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን ተባይ ባለሙያዎች «ነጭ የማንጎ ስኬል» ይሉታል። ነፍሳቱ ቅርፊት በመሰለ ሽፋን ሥር ስለሚደበቅ ነው። ቅርፊት ለበስ ቢባል ገበሬው ቅጠሉ ላይ ምን መፈለግ እንዳለበት ወዲያው ያውቃል።

የደመወዝ ስኬል ግን ምንም አይጎድለውም። መምህሩም የጤና ባለሙያውም ቃሉን የራሱ አድርጎታል፤ ተማሪው ከአባቱና ከእናቱ ይሰማዋል። እኔ ባዕድ ቃል ሁሉ ይባረር የምል ሰው አይደለሁም። ሰው የገባውን ቃል መንጠቅ አያስፈልግም።

ልቤ ያለው ግን ሙዚቃው ላይ ነው። ወሎ ተወልጄ ቅኝት በእንግሊዝኛ ስኬል ነው ሲባል ዝም ማለት አልችልም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፤ እስከዚህ ድረስ ስኬል ቢባሉ እውነት ነው። ስኬል ግን መሰላል ነው፤ ከታች ወደ ላይ የተደረደሩ ድምፆችን ይቆጥራል። ቅኝት ከቆጠራ በፊት ይጀምራል። ክራር ያነሳ ሰው አውታሩን እየጠመዘዘ፣ በጆሮው እያዳመጠ ይቃኛል፤ ያ የሚቃኘው ድምፅ ፒያኖ ላይ ካለው ጋር ልክ ላይገጥም ይችላል። ትዝታ ሲባል ደግሞ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ዜማውም፣ የሚያስታውሰን ሰውም አብረው ይመጣሉ። ባቲና አምባሰል የቦታ ስሞች ናቸው። በባቲ የሰኞ ገበያ የነጋዴው ሚዛንና የአዝማሪው ቅኝት በእንግሊዝኛ አንድ ስም ይሰጣቸዋል፤ እዚያ ገበያ የቆመ ሰው ግን አንዱን በሌላው አይለውጥም። ስለ ሙዚቃችን በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ወገኖቼ ቅኝትን ቅኝት ብለው ይጻፉት፤ ከዚያ በኋላ ያብራሩት።

በነገራችን ላይ የእኛም ቃል ለባዕድ ቀላል አይደለም። ወታደር አካባቢውን ሲቃኝም ቅኝት ነው። አማርኛ የሚማር እንግዳ በመዝገበ ቃላት ብቻ ቢመራ የባቲን ቅኝት ለጦር ስለላ ሊሰጠው ይችላል። እኛ የማንሳሳተው ጎበዞች ስለሆንን ሳይሆን ቃሉን ከክራሩ ጋር ስለሰማነው ነው።

አንዳንድ መምህራን በክፍል ውስጥ አማርኛ መጠቀም የልጆቹን እንግሊዝኛ ያደክማል ይላሉ። አክብሬ እቃወማለሁ። ሚዛን የለበሰ ዓሣ ይዞ የሚወጣ ልጅ እንግሊዝኛም ባዮሎጂም አላወቀም። የምጠይቀው ብዙ አይደለም፦ በየመጽሐፉ መጨረሻ በዚያው ትምህርት ዓይነት የሚያገለግለው የአማርኛ ቃል ከእንግሊዝኛው ጎን ይታተም፤ መምህሩም አዲስ ቃል ሲያስተዋውቅ «ይህ በጂኦግራፊ የምታውቁት አይደለም» ለማለት ሁለት ደቂቃ ይስጥ። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁትም ትርጉሞቹን በየሙያቸው ይለዩልን።

የዚያን ዕለት ከልጁ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም አንድ በአንድ አወራነው። ሚዛን የሚለውን በላጲስ አጥፍቶ ቅርፊት ብሎ ጻፈ። ከዚያ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ፣ አፈር እንዳይሸረሸር ወደተሠራው እርከን እያየ፣ «ጋሼ፣ ያስ? አባቴ የደመወዝ እርከን ይል የለ፤ ያም ስኬል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም፤ የተራራው ቴራስ፣ የደመወዙ ስቴፕ ይባላል አልኩት።

«እንግዲያው እዚህ ላይ እነሱ ሁለት ቃል አላቸው፤ እኛ አንድ» አለና ያንንም ደብተሩ ላይ ጻፈው።