ራስነት ከዋንጫ ጋር አይሰጥም

ሰሞኑን ድሬዳዋ ላይ የአንድ የሙዚቃ ድግስ አዘጋጆች መግለጫ ሰጥተው ነበር። ለምርጥ ድምፃዊ ከዋንጫው ጋር «ራስ» የሚል ማዕረግ እንሰጣለን አሉ። ምነው ሲባሉም አንደኛው፣ ተፈሪ መኮንን ሐረርን ያስተዳደሩት ራስ ሆነው ስለሆነ ማዕረጉ የዚህ አገር ልጆች ውርስ ነው ብሎ አረፈው።

እስቲ ዓመቱን እንቁጠር። ተፈሪ በ1898 ዓ.ም.፣ ገና በ13 ዓመታቸው፣ ደጃዝማች ተብለው ጋራ ሙለታን ተሾሙ። በ1902 ሐረር ሲሰጣቸውም ያው ደጃዝማች ናቸው። እዚህ ተቀምጠው በዳኙባቸው ዓመታት ራስ ተፈሪ የሚባል ሰው አልነበረም። ራስ የሆኑት ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ፣ መስከረም 17 ቀን 1909፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ከአልጋ ወራሽነቱ ጋር ነው። ጀጎል ውስጥ ያለው፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነው «የራስ ተፈሪ ቤት» እንኳ የሚጠራው ሰውዬው ከሐረር ከሄዱ በኋላ ባገኙት ማዕረግ ነው። አባትየውም እንዲሁ ናቸው። መኮንን ወልደ ሚካኤል በ1879 ከጨለንቆ ጦርነት ማግስት ሐረርን ሲረከቡ ደጃዝማች ነበሩ፤ ራስ የተባሉት ከጣሊያን ተልእኳቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ከተማዋ ያለ ራስ ተዳድራለች፤ ግንቧም አልፈረሰም።

ስለዚህ «ውርስ» የሚሉት ነገር ከመነሻው የለም። ማዕረጉ ሿሚ አለው፣ የተሾሙበት ቀን አለው፣ ከበስተኋላው ጦር አለው። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ ይሰለፋሉ፤ ራስ እነዚህን ሁሉ ያዛል፣ ለንጉሥ ያድራል። ልጅ ከአባቱ አይወርሰውም፤ ተፈሪም ከታች ጀምረው ነው የወጡት። በ1967 ዘውዱ ሲወርድ ሿሚውም አብሮ ወረደ። ድምፅ ማጉያ የተከራየ ሁሉ በሿሚው ወንበር ልቀመጥ ካለማ ነገ ደግሞ የምርጥ ጊታር ቢትወደድ ሊሾምልን ነው።

«ራስ» እያሉ የሚጠሩት የጃማይካ ራስታፈሪያኖችስ የምትል መከራከሪያ አለች። እነሱ የያዙት የአንድ ሰው፣ የራስ ተፈሪ፣ ስም ነው፣ ያውም ሰውዬው በ1921 ንጉሥ፣ በ1923 ንጉሠ ነገሥት ከተባሉ በኋላ፣ ራስነቱ ካለፈ ወዲያ። የያዙት ደግሞ ለእምነታቸው ነው። ጃማይካዊው ሙዚቀኛ ራስ ማይክል ሦስቱን የራስታዎች የኒያቢንጊ ከበሮዎች፣ ባሱን፣ ፈንዴውንና ሪፒተሩን አሰልፎ ሲዘምር ዳኞች ነጥብ ሰጥተውት አይደለም ራስ የተባለው። ይኼን እቀበላለሁ፤ ከዚህ ወዲያ የምቀበለው የለም።

ማዕረጉን በሙዚቃ ማክበር ያማረው ሰው ግን መንገዱ ተዘግቶበት አያውቅም። ፈካሪ ጌታውን ሲያነሣ የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው፤ መኮንን «አባ ቃኘው» ናቸው፤ በ1943 ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃም የያዘው ይህንኑ ስም ነው። ለአጀቡ ነጋሪትና እምቢልታ ይቁም። እምቢልታ ሲባል ደግሞ ሦስት ነው። የጣት ቀዳዳ ስለሌለው እያንዳንዱ ነፊ ከአንድ ሁለት ድምፅ በላይ አያወጣም፤ ዜማው የሚገኘው አንዱ የተወውን ሌላው እየተቀበለ ነው። መድረኮቻችን ላይ የለመድነው ግን አንድ ነፊ ካባ አልብሶ ማቆምና ቀሪውን በኪቦርድ መሙላት ነው። ኪቦርዱ በራሱ ቅኝት ይሄዳል፣ እምቢልታው በርዝመቱ ልክ ይጮኻል፣ ሁለቱ አይገናኙም፤ ከዚያ ባለሙያው «ባህላዊው መሣሪያ ቅኝት የለውም» ይላል። ነጋሪቱም ቆዳው ረግቦ ከመጣ ዱብ ዱብ ብቻ ነው የሚል፤ ከመድረክ በፊት ፀሐይ ወይም እሳት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ሰርተፊኬት ማተም ይቀላል።

ለድምፃዊ ስም ለማውጣት ደግሞ ድሬዳዋ ብድር አያሻትም። የድሬዳዋው ድምፃዊ አሊ መሐመድ ሙሳ «ቢራ» የተባለው መጀመሪያ ከዘፈነው ዘፈን ተነሥቶ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰሚው ነው። የክብር ዶክትሬቱ ኋላ መጣ፤ ሰው ግን እስካሁን የሚጠራው አሊ ቢራ ብሎ ነው።

ተሸላሚው ወጣት ፖስተሩ ላይ «ራስ» ተብሎ ሲወጣ አንድ ተማሪ ማን ሾመህ፣ የትን ልትገዛ ብሎ ቢጠይቀው የሚመልሰው የለውም፤ የሚስቁበትም በአዘጋጆቹ ሳይሆን በእሱ ነው። ዋንጫውን ይስጡት፣ ገንዘቡንም ጨመር ያድርጉለት። ማዕረጉን ግን የመርሐ ግብሩ ወረቀት ሳይታተም ይሰርዙት።