ማስተካከያ፦ «ደብልዩ ፕላስ» የነበረውን ያጠፋል

ባለፈው ሳምንት ለድሬዳዋ ጀማሪ ፕሮግራመሮች በጻፍኩት ማስታወሻ፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ፋይል ለማንበብም ለመጻፍም ከፈለጋችሁ በ«ደብልዩ ፕላስ» (w+) ሞድ፣ ማለትም የአከፋፈት ዓይነት፣ ክፈቱት፣ የነበረው አይነካም ብዬ ነበር። ስህተት ነው።

«ደብልዩ ፕላስ» ፋይሉን ገና ሲከፍተው ባዶ ያደርገዋል። አንድ ፊደል ባትጽፉም እንኳ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ትክክለኛው «አር ፕላስ» (r+) ነው። እሱ የነበረውን አያጠፋም፤ ፋይሉ ከሌለ ግን አይፈጥርም፣ ስህተት ይሰጣል። መጻፍ የሚጀምረውም ከፋይሉ መጀመሪያ ነው። ካልተጠነቀቃችሁ የድሮውን ፊደል በአዲሱ ይተካዋል። መጨረሻው ላይ ለመጨመር ብቻ ከሆነ «ኤ» (a) ይበቃል። ይህን ከፓይተን ይፋዊ ሰነድ አረጋግጫለሁ፤ በራሴ ኮምፒውተርም ሞክሬዋለሁ።

ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ አንባቢ ምክሬን ተከትሎ የሱቁን የዱቤ መዝገብ ቢከፍት ባዶ ሆኖ አገኘው። ደግነቱ ቅጂ ነበረው። እሱንም እናንተንም ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚያ ምክር የጻፋችሁት ኮድ ካለ፣ ደግማችሁ ከማስኬዳችሁ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ ሞዱን ቀይሩ። አንዴ ባዶ የሆነውን ፓይተን አይመልሰውም፤ ከመጠባበቂያ ቅጂ ነው የምታገኙት።