ጥናቱ ይጠና!

ጅማ ለዎርክሾፕ የተፈጠረች ከተማ ናት። አየሩ ደህና፣ ቡናው ከጓሮ። ከአዲስ አበባም 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ለውሎ አበል የሚያኮራ ርቀት ነው። ታዲያ «ሀገር አቀፍ የቴሌኮም ምርምር እንዴት ይታቀድ?» የሚል መድረክ እዚህ ቢጠራ ምን ይገርማል?

እኔማ አደንቃለሁ። ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ስልክ ሲያስገቡ ምክክር አላበዙም። አዲስ አበባን ከሐረር ለማገናኘት 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ አዘረጉ። ችኮላ ነው! ባለድርሻ አካላት አልተጠሩ፣ ፍኖተ ካርታ አልተነደፈ፣ ባነር እንኳ አልተሰቀለ። ትንሽ ቢታገሱ ኖሮ እስከ ዛሬ በጥናት ላይ በሆንን ነበር።

አሁን ሠልጥነናል። በቅድሚያ የጥናቱ ሐሳብ ይጠናል። ሐሳቡን የሚያጠና ኮሚቴ ይዋቀራል፤ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ይወልዳል። ከዚያ «ሀገራችን ሰፊ ናት» የሚል ስላይድ ይመጣል፤ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር። ተሰብሳቢው ማስታወሻ ይይዛል። ቀጥሎ ተራራ እንዳለን ይገለጻል። ይሄኔ ጭብጨባ።

በዙም የገቡት ባለሙያ ደግሞ ንግግራቸው «ትሰሙኛላችሁ?» ላይ ቀረ። ለችግሩ ከዚህ የበለጠ ማሳያ ከየት ይመጣል?

ነገሩ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ማይክሮዌቭ የሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ሁለት የኔትወርክ ማማዎችን የሚያገናኘው ሲተያዩ ነው፤ መሐል ኮረብታ ከገባ አበቃ። የፋይበር ገመድ ቢቀበር የመንገድ ሥራ ኤክስካቫተር ይቆርጠዋል። መብራት ሲጠፋ ማማው በባትሪና በጄኔሬተር ይኖራል፤ ናፍጣው ደግሞ በክረምት ጭቃ መንገድ መድረስ አለበት። ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ድግግሞሽ) ርቆ ይሄዳል፣ ከፍተኛው ብዙ ዳታ ይሸከማል፤ የትኛው የት ይተከል? ይሄ ሁሉ ምርምር ይፈልጋል። ግን ጫማ የሚያቆሽሽ ዓይነት ነው፤ ለሱፍ አይመችም። አዳራሹ ምንጣፍ አለው።

እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ላይ ከጌራ ወይም ከሲግሞ ገጠር የመጣ ቡና አምራች ካገኛችሁ አውሩት። ኔትወርክ የትኛው ዛፍ ሥር እንዳለ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ መብራት ከጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይነግራችኋል። የቡና ዋጋ ለመጠየቅ ኮረብታ ሲወጣ ሲወርድ የዳሰሳ ጥናቱን ጨርሶታል፤ ያለ አንድ ብር አበል። መድረኩም አልረሳውም። «ማኅበረሰቡ» ተብሎ በመጨረሻው ስላይድ ላይ ተወክሏል። ስላይዱ ሊታይ ሲል ምሳ ደረሰ እንጂ።

የአቋም መግለጫውም ድንቅ ነበር። ችግሩ «በአጽንዖት ታይቷል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ ዝርዝር ዕቅዱ ደግሞ በሚቀጥለው መድረክ ይታቀዳል።

ኔትወርክ ከሌለባቸው ወረዳዎች የሚመጡ ተሳታፊዎች የቀጣዩ መድረክ ጥሪ በቴሌግራም ይላክላቸዋል። ያልደረሰው ካለ በዚያው በቴሌግራም ያሳውቅ ተብሏል።